ሾጣጣዬን አየር ጨፈለቀብኝ

አየር ሰውን እንደሚያዋርድ የተማርኩት ደብረ ታቦር ነው። ብርዱን ማለቴ አይደለም፤ ብርዱንማ ማንም መንገደኛ ከመኪና እንደወረደ ይማረዋል። እኔ የምላችሁ ዝም ብሎ የቆመውን፣ የማይታየውን፣ ቀኑን ሙሉ የምንስበውን ተራ አየር ነው። ይኸው አየር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ የእኔም ስም በድምፅ ማጉያ ከተነሣ በኋላ፣ ሁለት ወር የለፋሁበትን የብረት ሾጣጣ እንደ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ጨምድዶ ጣለው። ታሪኩን ከእኔ አሳምረው የሚያወሩ ሰዎች በከተማው ሞልተዋል። እኔ የምበልጣቸው ጥፋተኛው ራሴ በመሆኔ ብቻ ነው።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ መምህር ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ለወጣት መምህር ሁለተኛው ዓመት አደገኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አለማወቁን ያውቃል፣ ይጠነቀቃል። በሁለተኛው ግን ጠዋት ማታ «መምህር» ሲባል ከርሞ ነገሩን ራሱም አምኖ ይቀመጣል። እኔ ከማመንም አልፌ፣ ገበያ ስወርድ የደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶና አንድ የብረት መለኪያ መሰካት ጀምሬ ነበር። መለኪያው ሽንኩርት ስገዛ ምን እንደሚያደርግልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ወደ ማሠልጠኛው መጡ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ባሕር ዛፍ አጠገብ የሚኖሩ ሴቶች ያቋቋሙት ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ባሕር ዛፉ ለአጠና ሲቆረጥ ቅጠሉ መሬት ላይ ይቀራል፤ ሴቶቹ ከዚያ ቅጠል ዘይት ሊያወጡ አስበዋል። ለጉንፋን የሚታሸተውን፣ ሳሙና ውስጥ ለሽታ የሚገባውን ዘይት ማለት ነው። የሚሠራበትን ላሜራ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት በስንት ደጅ ጥናት አግኝተውታል። የጎደለው ማንጠሪያውን ነድፎ የሚሰጣቸው ሰው ነው። የማሠልጠኛው ዲን ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ በኩራት ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም በኩራት ተጠቆምኩ።

እንዴት እንደሚሠራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳኋቸው። ከታች ትልቅ ሲሊንደር አለ፤ ከሥሩ ውኃ ይፈላል፣ ከውኃው በላይ ቅጠሉ ይጠቀጠቃል። እንፋሎቱ በቅጠሉ መሐል አልፎ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ከላይ ሾጣጣ ክዳን አለ፤ እንፋሎቱን ሰብስቦ በጫፉ በኩል ወደ ቧንቧ ይሰዳል። ቧንቧው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲያልፍ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ዘይቱም ከላይ ይንሳፈፋል። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «አረቄ ነዋ» አሉኝ። በጣም የተለየ ነገር መሆኑን ገለጽኩላቸው። በምን እንደሚለይ ግን አልጠየቁኝም፤ ደግ ሴት ናቸው።

የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው። ይፈነዳል ወይ አሉ። ከእሳቸው በኋላ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ይህንኑ ጠየቀኝ። ዲኑ ጠየቁኝ፣ የግቢው ዘበኛ ጠየቀኝ፣ አከራዬ ጠየቁኝ፣ አንበሳሜ ከተማ ያለችው እናቴ ሳትቀር ሰው ልካ አስጠየቀችኝ። አንዱ የፈነዳ ጎማ ያውቃል፣ ሌላው ጣሪያ የበሳ የእንፋሎት ድስት አይቷል። እኔም በተጠየቅሁ ቁጥር መፈንዳት የሚባለው ነገር በዓይኔ እየገዘፈ ሄደ። ሌሊት በሕልሜ ክዳኑ ወደ ሰማይ ሲምዘገዘግ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅም ከሥሩ ቆመው «ነግሬህ ነበር» ሲሉኝ አያለሁ።

ስለዚህ መጽሐፍ ገለጥኩ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ይዤው የምዞር በፎቶ ኮፒ የተባዛ የንድፍ መጽሐፍ አለኝ። ስለ ሾጣጣ ክዳን ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ከውስጥ ለሚመጣ ግፊት ነው፣ ሁለተኛው ከውጭ ለሚመጣ። የመጀመሪያው እጅግ ጨዋ ነው። የክዳኑን ስፋት፣ የተዳፋቱን ማዕዘን፣ የግፊቱን መጠን ስትነግረው የላሜራውን ውፍረት በአንድ መስመር ይመልስልሃል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ ገጹ በግራፍ የተሞላ፣ ፎቶ ኮፒውም የደበዘዘ። ርእሱን አነበብኩና በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ውጭ አንድ አህያ ቆማለች፣ ከእሷ ወዲያ መንገዱ አለ፣ ከመንገዱ ወዲያ ደብረ ታቦር። ከዚህ ውስጥ ብረት የሚገፋ ነገር አልታየኝም። ገጹን አለፍኩት።

በውስጥ ግፊት ላይ ግን የሠራሁትን ሥራ ተውት። ሾጣጣው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ብቻ ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ተዳፋት የሆነው ላሜራ ቀጥ ካለው ጋር ሲገናኝ እዚያ ጥግ ላይ ብረቱን የሚፈትን ጫና ይጠራቀማል፤ ስለዚህ መጋጠሚያውን በወፍራም ብረት ዙሪያውን አጠናከርኩት። ከውስጥ ግፊት ሲበዛ ወደ ውጭ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ ቫልቭም አደረግኩ። ላሜራ ለመቆጠብ ሾጣጣውን ለዘብ ባለ ተዳፋት፣ ተኛ ያለ አድርጌ ሣልኩት። ውፍረቱን ስጠይቅ ቀመሩ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አልሞላ አለ። ለደህንነት ብዬ አንድ ተኩል አደረግኩት፤ በዚያ ልግስናዬ ረካሁ።

ሥራውን የያዙት ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ገበያው ዳር የብየዳ ሱቅ አላቸው፤ በወረታና በጋይንት መንገድ የሚመላለስ መኪና ሁሉ አንድ ቦታው ላይ የእሳቸው ብየዳ አለበት። ብዙ የማይናገሩ፣ ብረት ሲሰጧቸው መጀመሪያ በጣታቸው አንኳኩተው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። የእኔንም ላሜራ አንኳኩ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ከዚያም ሳስታለች አሉ። ሦስት ሚሊ ቢሆን፣ ወገቧም ላይ አንድ ቀለበት ቢገባላት እንደሚሻል ነገሩኝ። ለምን ስላቸው፣ እንዲህ ሰፊ ሆኖ የተኛ ቆርቆሮ እንደማያምናቸው ብቻ ተናገሩ። እኔ ምን አደረግኩ? ጠመኔ አንሥቼ የሱቃቸው በር ላይ ቀመሩን ጻፍኩላቸው። ግምትና ስሌት የተለያዩ መሆናቸውንም በትሕትና ጨመርኩ። ትሕትናዬ ምን ያህል እንደሚያስጠላ አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ጋሽ ሰይድ ቀመሩን በአክብሮት አዩት፣ ጭንብላቸውን አወረዱና እንዳልኳቸው በየዱ። ቀመሩ በሩ ላይ ሰንብቶ ዝናብ አጠበው።

ሲያልቅ ግቢያችን ውስጥ ውኃ ሞልተን፣ በእጅ ፓምፕ ግፊት እየጨመርን ፈተንነው። ከሚሠራበት ግፊት አልፈን ብዙ ሄድን። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጽሕፈት ሠራተኛዋ ሳትቀር አጥሩ ድረስ ርቀው ቆመው አዩ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እኔ ጀርባዬን አስደግፌባት ፎቶ ተነሣሁ።

የምረቃው ዕለት ሰማዩ ጠዋት ጥርት ያለ ነበር። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት እንግዶች መጥተዋል፣ ድንኳኑ ከባሕር ዛፉ ሥር ተተክሏል። እሳቱ ሲነድ ሰው ሁሉ ወደ ዳገቱ ወጣ። ዲኑ ንግግራቸውን ያደረጉት ከሁላችንም በላይ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ቆመው ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በቧንቧው ጫፍ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ በውኃው ላይ እንደ ወርቅ ያለ ስስ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። ሽታው ተነሣ። እንዴት ያለ ሽታ መሰላችሁ! ጉንፋን ይዞት የመጣ ሁሉ አፍንጫው ተከፈተ። ሰው ከዳገቱ ወረደ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዚያ ምሳ ደረሰ። እሳቱ ከሥሯ እንዲወጣ አዘዝኩ። ዞር ስል ግን ከቧንቧው ጫፍ አሁንም ሽታው ይወጣል፤ ውድ ነገር ለነፋስ ሲበተን ታየኝ። ተመለስኩና ከላይ፣ ሾጣጣው ወደ ቧንቧው በሚያልፍበት ጫፍ ላይ ያለውን መዝጊያ ቫልቭ በገዛ እጄ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላገዘኝም። ከዚያ እጄን ታጥቤ ከእንግዶቹ ጎን ተቀመጥኩ።

ዶሮው ከመቅረቡ ከጉና ተራራ በኩል ደመና መጣ። የአገሩን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ አያስፈቅድም። በረዶ ቀላቅሎ ድንኳኑን ይቀጠቅጠው ጀመር። አንደኛው እንግዳ የዘንድሮ ስንዴ እንዴት ነው ብለው እየጠየቁኝ ሳለ ውጭ አንድ ድምፅ ሆነ። እንደ ጥይት አይደለም፤ ከብዶ፣ ወደ ውስጥ የተዋጠ፣ ግዙፍ ነገር የተረገጠ ዓይነት ድምፅ ነው። ሁሉም መሬት ያዘ። ዲኑ ከጠረጴዛው ሥር፣ እኔ ከዲኑ ሥር ሆንን። እንዴት እንደቀደምኳቸው አላውቅም።

ጥቂት ቆይተን ወጣን። ሁሉም የሚፈልገው ቀዳዳውን ነው፤ የተሰነጠቀውን፣ የተበተነውን ፍንጣሪ። የለም። መጋጠሚያው እንዳለ ነው፣ ብየዳው እንዳለ ነው፣ ሲሊንደሩ አልተነካም። ሾጣጣው ብቻ ሰው እንደተቀመጠበት ባርኔጣ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨማዷል። ዝናቡ በአዲሱ ጎድጓዳ ላይ ይጠራቀማል። ዋናው እንግዳ ከየት በኩል እንደፈነዳ ጠየቁኝ። እኔ በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ ገብቶኝ ነበር፤ ያለፍኩት ገጽ እስከነድብዛዜው ፊቴ ላይ ተዘርግቷል።

«አልፈነዳም» አልኳቸው። «ተጨፍልቆ ነው።»

«ማን ጨፈለቀው?»

«አየር።»

እንግዳው ዙሪያቸውን አዩ። ሌሎቹም አዩ። ከዚያ ሁሉም እኔን አየኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ። ውስጡ በእንፋሎት ተሞልቶ ነበር፤ ዝናቡ ሲያቀዘቅዘው እንፋሎቱ ወደ ጥቂት ውኃ ተለወጠ፣ ውስጡ ባዶ ቀረ፤ እኔ ቫልቩን ስለዘጋሁት የሚተካው አየር መግቢያ አጣ፣ ስለዚህ የውጭው አየር በሙሉ ኃይሉ ተጫነው አልኩ። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንጂ ቆላ ቢሆን ከዚህም ይብስ እንደነበር ለማጽናኛ ጨመርኩ። ማንም አልተጽናናም። ወይዘሮ ጥሩወርቅን የተበላሸውን ክዳን በነጠላቸው ጫፍ ሲያደርቁ አየኋቸው። ደጅ የጠኑበት ላሜራ ነው። ያን ጊዜ የበላኝን ሐፍረት ዲኑ ሥር የተገኘሁበት ሐፍረት አይስተካከለውም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር አዳረሰ። ገበያ ላይ ዓይን ነው ተባለ፤ ሌላው መብረቅ ነው አለ። አንበሳሜ ሲደርስ አንድ መምህር ሞቷል ሆነ። እናቴ እያለቀሰች መጥታ በር ላይ ስታገኘኝ፣ እንኳን ተረፍክ ለማለት አልቸኮለችም፤ በመጀመሪያ በሰው ፊት ስላስለቀስኳት ወቀሰችኝ።

በማሠልጠኛው ደግሞ ሦስት ሰው ያለበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዲኑ ራሳቸው ሰብሳቢ ሆኑ። ከስብሰባው በፊት ቢሯቸው ጠሩኝና በር ዘጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኔንም የማሠልጠኛውንም ስም ሊያድኑ ነው የፈለጉት። አየር የሚለው ነገር በቃለ ጉባኤ ላይ እንደማያምር፣ ሰውም እንደሚስቅብን ነገሩኝ። ብየዳው ልል ነበር ብለን ብንዘጋው ግን ለሁሉም የሚገባ ምክንያት ነው፤ በያጁ የውጭ ሰው ነው፤ አንተም ገና ወጣት ነህ አሉኝ። እኔ «አይሆንም» አላልኩም። «እሺ»ም አላልኩም። «እስቲ ላስብበት» አልኩ። ይህ መልስ በመልካም ሰውና በፈሪ መሐል ያለ ምቹ መቀመጫ ነው፤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩበት።

የጋሽ ሰይድ ሱቅ ከቤቴ ወደ ማሠልጠኛው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሦስቱን ቀን በጓሮ በኩል፣ በጭቃው ዞሬ ሄድኩ። አንድ ጫማ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቀርቶብኛል። በአራተኛው ቀን ጠዋት የግቢው በር ላይ ጋሽ ሰይድ ማዳበሪያ ተሸክመው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ማዳበሪያውን መሬት ላይ ገለበጡት። ስድስት ሰባት የሞተር ዘይት ጣሳ ወጣ፤ ሁሉም ተጨፍልቋል፣ ሁሉም ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ያልከውን አየር ሞከርኩት፣ መምህር» አሉ። «ትንሽ ውኃ አፈላሁባቸው። ሲንተከተክ አውርጄ ክዳናቸውን ዘጋሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰስኩባቸው። እውነትህን ነው።»

ሱቃቸውን ዘግተው ሲያፈሉና ሲያፈሱ የዋሉ መሆናቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውም ሰይድ ምን ነካው ማለት መጀመራቸውን ሳይስቁ ነገሩኝ። ከዚያ አንደኛዋን ጣሳ አንሥተው ሰጡኝ።

«ዙሪያዋን እያት» አሉ። «የእኔ ብየዳ አለባት?»

አገላበጥኳት። «የለባትም» አልኩ።

«የለባትም» አሉ እሳቸውም። ስለ ኮሚቴው አልጠየቁኝም፣ የሰሙትን አልነገሩኝም፣ ሦስት ቀን ለምን በጓሮ እንደዞርኩም አላነሡም። አንዲት ያልተጨፈለቀች ጣሳ ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩና ወደ ሥራቸው ሄዱ። በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ስፈተን ማንም መምህር እንዲህ አድርጎ አፋጥጦኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሲሰበሰብ በእጄ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ማሰሮ ውኃና ጣሳዋን ይዤ ገባሁ። ዲኑ ሻይ ላፈላ የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ትንሽ ውኃ ጨምሬባት ምድጃው ላይ ጣድኳት፤ እስክትንተከተክ ሦስቱም አዩኝ። አወረድኳት፣ ዘጋኋት፣ የዲኑ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አኖርኳትና ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰስኩባት። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ያቺ አፍታ ከሁለተኛ ዓመት መምህርነቴ በሙሉ ትረዝማለች። ከዚያ ጣሳዋ ቀጭ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ዲኑ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ማን ነካት ብለው ጠየቁ። ማንም አልነካትም አልኩ። ብየዳው ልል እንዳልሆነ፣ ጋሽ ሰይድ ላሜራው ሳስቷል ብለው ነግረውኝ እንደነበር፣ የውጭውን ግፊት ያላሰላሁት እኔ፣ ቫልቩንም የዘጋሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ስጨርስ ውኃው የዲኑን ምንጣፍ አርሶታል።

ቃለ ጉባኤው እንዳልኩት ተጻፈና ወደ ላይ ተላከ። ከአንድ ወር በኋላ መልስ መጣ። የአደጋው መንስኤ አየር መሆኑ መገለጹን፣ ነገር ግን አየሩ ከየት እንደመጣና በዕለቱ በቦታው ኃላፊነት የነበረበት ማን እንደሆነ አለመገለጹን ይጠቅሳል፤ በዝርዝር ተብራርቶ ይላክልን ይላል። እኔም አየሩ ከየትም እንዳልመጣ፣ ቀድሞም እዚያው እንደነበር፣ ኃላፊውም እኔ መሆኔን በሁለት መስመር ጽፌ ፈረምኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፋይሌ ውስጥ እስካሁን አለ፤ «አየርን ባለማጤን» ይላል።

ከዚያ ሁለተኛው ደጅ ጥናት መጣ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንደገና ላሜራ ልመና ሲወጡ አብሬያቸው ሄድኩ፤ በየመሥሪያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ። አንዱ ኃላፊ የመጀመሪያው ላሜራ ምን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ አፌን ከመክፈቴ እሳቸው ቀደሙኝና «እሷንማ ለመማሪያ አደረግናት» አሉ። ከዚያ ወዲያ እኚህን ሴት ቀና ብዬ ለማየት አቅም አጣሁ። ላሜራው ተገኘ።

ያለፍኩትን ገጽ ገለጥኩት። የውጭው ግፊት ክፍል ሲጀምር ውፍረቱን በቅድሚያ ራስህ ገምት ይላል። ገምቼ ባውቀው ወደ መጽሐፍ ምን አመጣኝ ብዬ ተናደድኩ፤ ቢሆንም ታዘዝኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከውስጥ ሲገፉት ላሜራ ይወጠራል፤ ለመወጠር ብረት ጀግና ነው። ከውጭ ሲገፉት ግን መታጠፍ ይመጣል፤ ስስና ሰፊ ከሆነ፣ ትንሽ እንኳ ከዛነፈ፣ ጥንካሬው ሳያልቅ ቅርጹ ይከዳዋል። ስለዚህ ትገምታለህ፣ ግራፉን ታነባለህ፣ አይበቃም ይልሃል፣ እንደገና ትገምታለህ። የቀድሞዋን አንድ ተኩል ሚሊ ሳስገባ የአየሩን ሩብ እንኳ እንደማትችል አየሁ። ሁለት አልኩ፤ አይበቃም። ሁለት ተኩል፤ አይበቃም። ተዳፋቱን ቆም አደረግኩት፣ መሐሉ ላይ ቀለበት አስገብቼ ርዝመቱን ለሁለት ከፈልኩት፣ ሦስት ሚሊ አልኩ። በአራተኛው ቀን ግራፉ እሺ አለኝ።

ወረቀቴን ይዤ በዋናው መንገድ ወደ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ሚሊ፣ ወገቧም ላይ ቀለበት፣ አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ «እሺ» አሉ፣ ዞር ብለውም ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነገር አወረዱ። ቀለበቱ ነው፤ ቆርጠው፣ አጉብጠው፣ ጨርሰውታል። መቼ እንደሠሩት አልጠየቅኳቸውም። ከእኔ ወገን የመጣው አዲስ ነገር አንዲት ትንሽ ቫልቭ ብቻ ናት፤ ውስጡ ሲጎድል ወደ ውስጥ ተከፍታ አየር የምታስገባ።

ሁለተኛዋ ስትጀመር ድንኳን አልተተከለም፣ ድምፅ ማጉያም አልመጣም። ሴቶቹ፣ ጋሽ ሰይድና እኔ ነበርን። ዘይቱ ወረደ፣ እሳቱ ወጣ፣ የላይኛው ቫልቭ ለሙከራ ተዘጋ። ሁላችንም፣ ያለምንም ምክር፣ ወደ ኋላ ሸሸት አልን። ጥቂት ቆይቶ ትንሿ ቫልቭ ቀጭን ፉጨት ጀመረች፤ አየሩ እየገባ ነው። ሾጣጣዋ እንዳለች ቆማለች። እኔ በደስታ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሳለ፣ ከሴቶቹ አንዷ ዘይቱ የሚያመልጥ መስሏት እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ፉጨቱን ልትደፍን ሄደች። ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። መጨረሻውን የደረስኩት በሆዴ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል። ቁርጭምጭሚቷን ይዤ «አይዝጉት» አልኳት።

ለዚህም ዝግጅት ነበረኝ። ተነሥቼ ልብሴን አራግፌ ከኪሴ አንድ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ አወጣሁ፤ ማንጠሪያው አጠገብ የሚለጠፍ ነው። «በውስጥና በውጭ ባለው የግፊት ልዩነት ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአክብሮት ሰሙኝ፤ ከዚያ ነገ አዲስ የምትመጣ ሴት ጨርቁን ከማንሣቷ በፊት ይህን ሁሉ አንብባ ትጨርስ እንደሆነ ጠየቁኝ።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ አንዲት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ላሜራ ይዘው መጡ። ላይዋ ላይ በብየዳ፣ ፊደሉን እያንጋደዱ፣ አንድ ቃል ጽፈውባታል። ከትንሿ ቫልቭ ሥር በሽቦ አሰሯት። ትናንት ጨርቅ ይዛ የነበረችው ሴት ቀርባ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ትተንፍስ» አለች።

ከዚያ ጨርቁን ጨምቃ ቅርንጫፍ ላይ አሰጣችው። እኔም ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ቅጠል ማቀበል ጀመርኩ።